አሥራ አምስቱም ውስጥ ያለው ሰውዬ

በከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ «ምሰሶው» የሚባል ሰው ነበር። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ግማሾቹ ለሙገሳ፣ ግማሾቹ ለሽሙጥ። እሱ ሙገሳውን ወሰደና ሽሙጡን ለባለቤቶቹ ተወላቸው። ሲራመድ ጣሪያ የተሸከመ ይመስል አንገቱን አያዞርም፤ ሰው ከኋላ ሲጠራው መላ አካላቱን ይዞ ነው የሚዞረው። ሻይ ሲጠጣ እንኳ ቁጭ አይልም። ለምን ሲባል «ድንገት ብፈለግስ?» ይላል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሻይ ላይ እያለ ድንገት የፈለገው ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት እያየች የምትስቅበት ታናሽ እህቱ ናት። የጣቢያው ጸሐፊ ነች፤ የተረኞችን ሠንጠረዥ ጽፋ በየወሩ የምትለጥፈውም እሷው። ምላሷ ስለት ነው ይሏታል፤ እሷም አትክድም። «ወንድሜ ነው፣ እኔ ካልሰደብኩት ማን ይስደብልኝ?» ትላለች።

የሰውዬው በሽታ ከልጅነቱ የጀመረ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ እናታቸው ለሥራ ስትወጣ የቤቱን ቁልፍ በክር አድርጋ በስምንት ዓመት ልጇ አንገት ላይ ታንጠለጥል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ አቆመ። ባለ ቁልፍ ይሮጣል እንዴ! ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቁልፉን እንደ ዳኛ ቀስ ብሎ ያዞራል። የጓሮው መስኮት እንደማይዘጋ የምታውቀው እህቱ ግን ቀድማ ገብታ ዳቦዋን ጨርሳ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን እንኳ «በየት ገባሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ቢጠይቅ መልሱ እንደማይጥመው ሳይገባው አልቀረም።

ጣቢያው ውሃውን የሚያጣሩ ሰባት ሠራተኞች አሉት። በየጠዋቱ ከሰባቱ ሦስቱ ክሎሪን ክፍል ገብተው መድኃኒቱን ይመዝናሉ፣ ውሃው ላይ ይጨምራሉ፣ መዝገብ ላይ ጽፈው ይወጣሉ። የቀሩት ፓምፕ ይጠብቃሉ፣ የማጣሪያ ገንዳ ያጥባሉ። ወንዙ ከደፈረሰ ግን በቀን ሁለቴም ሦስቴም መግባት አለ፤ የትኛው ቡድን የትኛውን ተከትሎ እንደሚገባ የሚወስነው ወንዙ ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት የገባው ቡድን መድኃኒቱን ጨመረና ጻፈ። የጻፈበት ገጽ እርጥብ ኖሮ ከፊቱ ካለው ጋር ተጣበቀ። ከሰዓት በኋላ የገባው ቡድን ገጹን አላየም፤ ደግሞ ጨመረ። የሁለቱ ቡድን ሰዎች ጨርሶ የተለያዩ ስለነበሩ «ኧረ ጠዋት ጨምረናል!» የሚል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ከተማው ሁለት ቀን ሙሉ ፊቱን በታጠበ ቁጥር ሲያለቅስ ከረመ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ ወጣ፦ ማንኛውም ሁለት ቡድን ቢያንስ አንድ የጋራ ሰው ይኑረው። ወረቀት ቢጣበቅ ዓይን አይጣበቅም ነው ነገሩ።

ደንቡ ደግ ነበር። ሥራ ላይ ያዋለው ሰው ነው ጉዱ። ሥራ አስኪያጁን ሠራተኛው «ሪፖርት» ይለዋል። ሪፖርት ቁጥር ሲበዛለት ቆዳው የሚጠበው ሰው ነው፤ ችግኝ ተተከለ ሲባል የደረቀውንም ይቆጥራል። ደንቡ እንደወጣ ጸሐፊዋ ፊት ተቀምጦ እርሳሱን ሲነክስ ቆየና ጠረጴዛውን መታ። «አንድ ሰው ሁሉም ቡድን ውስጥ ከገባ፣ ማንኛውም ሁለት ቡድን እሱን ይጋራል! አለቀ!» ያንን አንድ ሰው አስቀምጦ ከቀሩት ስድስት ሁለት ሁለት እያወጣ ሲያጣምርለት አሥራ አምስት ቡድን ሆነ። አሥራ አምስት! ከሰባት ሰው አሥራ አምስት ቡድን! ለዋናው መሥሪያ ቤት ሲጽፍ ከቁጥሩ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ያ አንድ ሰው ማን ይሁን የሚለው እንዴት እንደተወሰነ በጊዜው በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም። ብቻ በማግስቱ ሠንጠረዡ ሲለጠፍ በአሥራ አምስቱም መስመር ላይ የእህትየው ወንድም ስም ነበረ። ሰውዬው ሰሌዳው ፊት ቆሞ አንድ በአንድ ቆጠረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው አንገቱ መዞር ያቆመው።

ሁሉም ውስጥ የገባ ሰው ዕረፍት የለውም። እሁድ የለ፣ በዓል የለ፣ በየጠዋቱ ክሎሪን ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። ባልደረቦቹ ወንበር አምጥተው በሩ ላይ አስቀመጡት፤ ዓይኑን ጨፍኖ እያቃሰተ ተቀመጠ፣ ደንቡም ተሟላ። ሥራውን የጨረሱት ሁለቱ ሲወጡ ቀስቅሰው አስፈረሙት። ይህን ታሪክ ራሱ ነው በኩራት የሚያወራው። ሚስቱ ሠርጉንም ለቅሶውንም ብቻዋን መሄድ ከለመደች ቆይታለች። «ያገባሁት ቧንቧ ነው» ትላለች፤ «ቧንቧ እንኳ አንዳንዴ ይቋረጣል።»

እንዲህ ሲኖሩ አክስታቸው ደወለች። እናታቸው በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚወስድ ሌላ ከተማ፣ ቧንቧ ባልደረሰበት ሰፈር ከአክስታቸው ጋር ነው የምትኖረው። የዚህ ሁሉ ውሃ ምሰሶ እናት ውሃ የምትጠጣው በየጠዋቱ ጀሪካን በእጅ ጋሪ እየገፋ ከሚያመጣ ሰው ነው።

«እናትሽ ደክማለች» አለች አክስቲቱ በስልክ። «እህል ትታለች። ልጄን ጥሩልኝ ብቻ ነው የምትለው።»

«እመጣለሁ አክስቴ።»

«አንቺማ በየወሩ ትመጫለሽ። ልጄን ስትል እሱን ነው፤ አትቀየሚኝ።»

ተቀየመች። ቢሆንም ስልኩን ዘግታ ግቢውን አቋርጣ ወንድሟን ፈለገችው። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል።

«ወንድምጋሼ፣ እማዬ በጣም ታማለች። ትጠራሃለች።»

ፊቱ ተለወጠ። እናቱን ይወዳል፤ ይህንን እህቱም አትክደውም። ብርጭቆውን አስቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። «እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ? አሥራ አምስቱም ውስጥ አለሁ እኮ!»

ያለው በሐዘን ነው፤ ግን ሐዘኑ ውስጥ ያቺ የቁልፍ ኩራት ብቅ ብላ ስትታይ እህቲቱ አንጀቷ አረረ። ቀን ሙሉ ያችን ኩራት እያኘከች ዋለች።

ማታ ቤቷ ገብታ ከኩሽና ሰባት የጠርሙስ ቆርኪ አመጣችና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈች። ሰባት ቆርኪ፣ ሰባት ሰው። መጀመሪያ ወንድሟን አውጥታ ሌላ ሰው መሐል አገባች፤ ያው ሆነ፣ የሚታሰረው ተለወጠ እንጂ ገመዱ አልተለወጠም። ቀጥላ ሦስቱን አንጋፋ ሠራተኞች ለይታ፣ እያንዳንዱ ቡድን ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን እንዲይዝ አደረገች። ከሦስት ሰው ሁለት ሁለት የወሰዱ ቡድኖች አንዱን ሳይጋሩ መተላለፍ አይችሉማ! ይህ ሠራ፤ አሥራ ሦስት ቡድን ወጣለት። ግን የአንዱን ሸክም ለሦስት ማከፋፈል ሆነባት፤ ደግሞም ሪፖርት አሥራ አምስት ካላለ እንደማይፈርም ታውቃለች። አሥራ አራተኛ ልትጨምር ስትሞክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ቡድኖች ይፈጠሩባታል። ሦስት ማታ ታገለችና በአራተኛው ቆርኪዎቿን በመሐረብ ቋጥራ ፎቅ ላይ ወደሚኖረው የሒሳብ አስተማሪ ወጣች።

አስተማሪው የደብተር ክምር እያረመ ነበር። ቀና ብሎ ሰማትና ምንም ሳይደነቅ፣ «አይድከሙ» አላት። «ይሄ ድሮ የተረጋገጠ ነገር ነው። ከሰባት ሰው ሦስት ሦስት እየወሰዱ፣ ሁሉም እየተጋሩ፣ ከአሥራ አምስት በላይ ቡድን አይገኝም። አሥራ አምስት ካደረሱት ደግሞ የግድ አንድ ሰው ሁሉም ውስጥ አለ። ሁሉም ውስጥ የሚገባ ሰው አልፈልግም ካሉ ጣሪያው አሥራ ሦስት ነው።»

«ያ አንድ ሰው ምን ዓይነት ሰው መሆን አለበት?»

«ምን ዓይነት ማለት?»

«ችሎታው፣ ልምዱ…»

«ኧረ ማንም ይሁን! ዘበኛውን ቢያስገቡትም ይሠራል።»

ሳቋ ደረጃውን ሞላው። አስተማሪው ሳቋ እስኪበርድ ጠበቀና ቀዩን እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ «ለመሆኑ ስንት ቡድን ነው የሚያስፈልጋችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

ሳቋ ቆመ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህንን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰባት ቀን አለ፤ በቀን አንድ ተረኛ ቡድን፤ ወንዙ ቢደፈርስም ከሰባቱ ሌላው ይጨመራል። ሰባት!

ወርዳ ቆርኪዎቹን እንደገና ደረደረች። ሦስቱን በሦስት ማዕዘን ጫፎች፣ ሦስቱን በጎኖቹ መካከል፣ አንዱን እምብርቱ ላይ። ሦስቱ ጎኖች ሦስት ቡድን ሆኑ። ከየጫፉ በእምብርቱ አልፎ ፊት ለፊት ያለው ጎን መካከል የሚደርሰው መስመር ሌላ ሦስት ቡድን ሰጣት። በጎኖቹ መካከል ያሉትን ሦስቱን በክብ ስታያይዛቸው ሰባተኛው መጣ። ሃያ አንዱን ጥንድ በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አየች፤ የትኛውም ሁለት ቡድን አንድ ሰው ይጋራል፣ አንድ ብቻ። ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ቡድን ውስጥ ነው። መሐል የተቀመጠው ቆርኪ እንኳ እንደ ሌላው ሦስት ብቻ! ያችን መሐለኛ ቆርኪ አንስታ «አየህልኝ ወንድምጋሼ?» አለቻት።

ሪፖርት ወረቀቱን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ከአሥራ አምስት ወደ ሰባት? ይሄ እድገት ነው ውድቀት?»

«ወንድሜ ነገ ቢተኛ ከአሥራ አምስቱ ስንት ይቀራል?»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ጣቱ የሚያርፍበት አጣ። «…ምንም።»

«በእኔ ማንም ሰው ቢቀር አራት ቡድን ሙሉ ነው። ሁለት ሰው ቢቀር እንኳ ሁለት ቡድን ይተርፋል። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? እርስዎ በአንድ ባላ ላይ አሥራ አምስት ቅል ነው የሰቀሉት።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ቁጥሩ…» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጸሐፊዋ ይህን ስለምታውቅ ሌላ ወረቀት አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ «ሰባቱ የማይበገሩ ቡድኖች፤ በሥራ አስኪያጁ የተነደፈ አዲስ አሠራር» የሚል። ሪፖርት ርእሱን ሁለት ጊዜ አነበበና ፈረመ። ከሦስት ቀን በኋላ ለእንግዶች ስለ ንድፉ ሲያብራራ በሩ ክፍት ነበር፤ እሷ ትሰማ ነበር፤ አፉን ሞልቶ ነበር የሚያወራው።

ሠንጠረዡ ተለጠፈ። ምሰሶው ቅዳሜ፣ እሁድና ሰኞ ሆነ፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ስሙ የለም። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲፈልግ አየችው፤ በጣቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ጽሕፈት ቤቷ ገባ።

«ምን በደልኩሽ?»

«አራት ቀን ዕረፍት ሰጠሁህ። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ አለ። እማዬ ጋ ሂድ፤ ይመጣል ብዬ ነግሬያታለሁ።»

«ያለ እኔ ይገባሉ? ማንን ተማምነው? እኔን እኮ በችሎታዬ ነው የመረጡኝ!»

አሥራ አንድ ዓመት ለዚህች ቀን ያስቀመጠችው ነገር ነበር፤ አወጣችው። «በችሎታህ? ልንገርህ። "ማንን እናድርግ?" አለና በዚህ መስኮት ወደ ግቢው አየ። አንተ ባልዲ ይዘህ ታልፍ ነበር። "ያውና፣ እሱን" አለ። እኔ ጻፍኩ። ዘበኛው ቢያልፍ ኖሮ ምሰሶው ዘበኛው ነበር።»

የሚጮህባት መስሏት ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን መስኮቱን አየ፣ ግቢውን አየ። «ባልዲውን አስታውሰዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀዳዳ ነበረው። እስክደርስ ድረስ ውሃው አልቆ ነበር።» ወጥቶ ሄደ። የጠበቀችውን ደስታ ብትፈልገው አላገኘችውም።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ወጣ፤ ምሰሶው አልወጣም። የጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ዘበኛው «ተረኛ አይደሉም» ብሎ አላስገባውም፤ ደንብ ነው። ቆመና ሦስቱ ሰዎች ሲገቡ አየ፣ ሲወጡም አየ። ቀጥሎ መንገድ ዳር ወዳለው የሕዝብ ቧንቧ ሄዶ ከፈተው። ውሃ መጣ። ዘጋው። ከሰዓት ተመልሶ ከፈተው፤ ያው ውሃ ነው። ረቡዕም እንዲሁ። ጠዋት በር ላይ፣ ቀን ቧንቧው ጋ፣ እያሸተተ፣ እየቀመሰ። ጥፋት ነበር የሚፈልገው፤ ትንሽ ሽታ፣ ትንሽ ድፍርስ፣ «ይኸው ያለ እኔ» የሚያሰኝ ነገር። ውሃው ግን ንጹሕ ነበር። እህቱ ከመስኮቷ እያየችው «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» አለች ለራሷ፤ ወጥታ እጁን ይዛ ወደ መናኸሪያው አልወሰደችውም። መሳቅ ይቀላታል።

ረቡዕ ማታ አክስቲቱ ደግማ ደወለች። ስልኩ ሲዘጋ እህቲቱ ቀጥ ብላ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው ተሳፈሩ። አራት ሰዓት ሙሉ እሱ አንገቱን አዙሮ በመስኮት ያያል፤ አንገቱ ይዞራል ለካ። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ውስጧን ይበላታል። ሰባት ቆርኪ፣ ጥቂት ማታ፤ ከዚያ በላይ አልፈጀባትም። በየወሩ የእሱን ስም አሥራ አምስት ጊዜ የጻፈችው ግን በገዛ እጇ ነው፤ ጽፋም በመስኮቷ በኩል ስቃበታለች። ቀደም ብላ ብትፈታው ኖሮ በማን ልትስቅ ነው? ለራሷ የተረፈ ስድብ ፈልጋ ሁሉንም እሱ ላይ ጨርሳው አገኘችው።

አክስቲቱ በር ላይ ተቀበለቻቸው። «ማክሰኞ ብትመጡ!» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማክሰኞ ልቧ ብሩህ ነበር። "ዛሬ ይመጣል" ብላ ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለችኝ። እስከ ማታ በሩን ስታይ ዋለች። ከትናንት ወዲህ እኔንም አታውቀኝ።»

እናትየው ትራስ ተደግፋ ተኝታለች፤ ፀጉሯ አሁንም እንደተበጠረ ነው። ምሰሶው አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። አሮጊቷ ዓይኖቿን አጥብባ አየችው።

«ውሃ አምጪው ነህ?»

ሰውዬው ወደ እህቱ ዞረ፤ እሷ ወለሉን ታያለች።

«አዎ እናቴ» አለ። «ውሃ ላመጣልዎት ነው።»

«ተባረክ። እዚያ በርሜል ውስጥ ጨምርልኝ።» ትንሽ ተነፈሰች። «የኔም ልጅ ውሃ ቤት ነው የሚሠራው። ያለ እሱ አይሆንላቸውም አሉ። ለዚህ ነው የማይመጣው።»

እህቲቱ አሥራ አንድ ዓመት አፏ ላይ ስትስለው የኖረችው ቃል መጣላት፤ ዋጠችው።

«ይሆንላቸዋል እናቴ» አለ ወንድሟ። «ያለ እሱም ይሆንላቸዋል። ሁለት ቀን በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።»

አሮጊቷ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች።

«እንግዲያ ለምን ቀረ?» አለች።